ያለ ፓምፕ ሽቅብ የሚወጣ ውኃ

ውኃ ፎቅ ላይ እንዲወጣልን ስንፈልግ ፓምፕ እናስገባለን፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በባልዲ ተሸክመን ደረጃ እንወጣለን። ዛፍ ግን ያለ ሞተር ውኃውን ከመሬት ስቦ እስከ ጫፉ ቅጠል ያደርሳል። ውድ አንባቢያን፣ ይህ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ለተማሪ ልጆቻችን ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በክረምት የተከልነው ችግኝ መጽደቁና መድረቁም የሚወሰነው በዚሁ ነው።

የሚስበው ቅጠሉ ነው

ብዙዎቻችን ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ሥሩ ይመስለናል። ሥር በመጠኑ ይገፋል፤ ዋናው ጉልበት ግን ከላይ ነው። በቅጠል ላይ ስቶማታ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። ተክሉ ምግቡን የሚሠራበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእነርሱ ያስገባል፤ ውኃውም በእነርሱ ተንኖ ይወጣል። የውኃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለሚያያዙ፣ አንዷ ስትወጣ ተከታይዋን ትስባለች። በዚህ ዓይነት ውኃው ዛይለም በሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንዳልተበጠሰ ክር ከሥር ወደ ላይ ይሳባል።

እንግሊዛዊው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስቲቨን ሄልስ በሸክላ የተተከለ የሱፍ አበባ ደጋግሞ እየመዘነ ከቅጠሉ የሚወጣውን ውኃ ለካ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1727 በመጽሐፍ አሳተመ። ዲክሰንና ጆሊ የተባሉ የደብሊን ሳይንቲስቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1894 የውኃውን ክር ምስጢር አብራሩ። ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ ውኃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ማውጣት አይችልም፤ በካሊፎርኒያ ግን ከ115 ሜትር በላይ የሚረዝም ዛፍ አለ።

ችግኝ ለምን ይደርቃል?

ከሥር የሚገባው ውኃ በቅጠል ከሚወጣው ካነሰ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ድርቁ ከበረታ አየር ወደ ቱቦዎቹ ይገባና ክሩ ይበጠሳል። ውኃን በብዛት የሚስቡት እንደ ፀጉር የቀጠኑት የሥር ጫፎች ናቸው፤ ችግኙን ከፕላስቲኩ ስንጎትተው የሚቆረጡትም እነርሱ ናቸው። ስለዚህ፦

• ከመትከልዎ በፊት ችግኙን ውኃ ያጠጡት፤ አፈሩ አይበተንም።
• ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደው ያውጡት፤ ችግኙን ግንዱን ይዘው አይጎትቱት።
• ደመናማ ቀን ወይም አመሻሽ ላይ ይትከሉ፤ ያን ጊዜ ትነቱ ይቀንሳል።
• በዙሪያው ደረቅ ሣር ያልብሱ፤ ሣሩ ግንዱን አይንካ።

ባሕር ዛፍስ?

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃሏል። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ ስለማይረግፍ በበጋም ውኃ መሳቡን አያቆምም። ከምንጭና ከማሳ ዳር አርቆ መትከል ከጎረቤት ጋር ከመጣላትም ያድናል።

ክረምቱ ሲወጣ ችግኙን መርሳት የብዙ ቤት ልማድ ነው። የመጀመሪያው በጋ ግን ለችግኙ ከሁሉ የከፋው ነው። ባልና ሚስት ከልጆቻችሁ ጋር ተራ ግቡለት፤ ውኃውን ቅጠሉ ላይ ከመርጨት ይልቅ ሥሩ ዘንድ ቀስ እያላችሁ አፍስሱለት።