ለሁለት ተሰንጥቃ የሰፋችው መኪና

የሞሪስ ማይነርን ኮፈን ልብ ብሎ ያየ ሰው ከመስታወቱ ሥር እስከ አፍንጫዋ መሐል ለመሐል የሚወርድ ጠፍጣፋ መስመር ያገኛል። ጌጥ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ጠባሳ ነው። ንድፏን ያወጣው አሌክ ኢሲጎኒስ መኪናዋ ወደ ማምረቻው ልትገባ ስትል ጠባብ ሆና ታየችው። ናሙናዋን ቁመቷን ተከትሎ ለሁለት አሰነጠቃት፤ ግማሾቹን እያራራቀ፣ ቆም ብሎ እያየ፣ ዓይኑ የረካው 10 ሴንቲሜትር ያህል ስትሰፋ ነበር። ፓራውልቶቹ በጠባቧ ልክ ተሠርተው ስለነበር የመጀመሪያዎቹ መኪኖች መሐሉ ተቆርጦ ቁራጭ ብረት የተቀጠለበት ፓራውልት አጥልቀው ወጡ።

ኢሲጎኒስ እ.ኤ.አ. በ1906 ዛሬ ኢዝሚር በምትባለው በሰምርኔስ የተወለደ፣ በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ የተሻገረ መሐንዲስ ነው። ይህችን መኪና ማሰብ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሲሆን የሥራ ስሟም «ሞስኪቶ» ነበር። የሞሪስ ኩባንያ መሥራች ሎርድ ናፊልድ መልኳን አልወደዱትም፤ ዛጎሉን አውጥተው ውኃ ውስጥ የቀቀሉት እንቁላል ትመስላለች ብለው እንዳጣጣሏት ይነገራል። በጥቅምት 1948 ለንደን ኧርልስ ኮርት በተከፈተው የመኪና ትርኢት ላይ ስትቀርብ ግን ሕዝቡ ከእሳቸው ጋር አልተስማማም። በታኅሣሥ 1960 አንድ ሚሊዮንኛዋ ስትሠራ፣ እዚያ ቁጥር የደረሰች የመጀመሪያዋ የብሪታንያ መኪና ሆነች። ምርቷ በ1970ዎቹ መባቻ እስኪቆም ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች።

ለእኛ ሰው ቮልስ ምን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልግም፤ ማይነር ለእንግሊዞች እንደዚያው ናት። አዋላጅ ነርስ፣ ፖሊስና ፖስተኛ ሁሉ ነድቷታል። አሠራሯ ግን ከቮልስ ይለያል፤ ሞተሯ ከፊት ነው፣ በውኃ ይቀዘቅዛል፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው። ከ1952 ጀምሮ የገጠሙላት ሞተር መጀመሪያ 803፣ ከ1956 ጀምሮ 948፣ ከ1962 ጀምሮ ደግሞ 1098 ሲሲ ነበር። የዚሁ ሞተር ዘር ኢሲጎኒስ በኋላ በነደፋት ሚኒ ውስጥ እስከ 2000 ድረስ ስለቆየ፣ መለዋወጫው ዛሬም አይቸግርም። ካርቡራተሩን አጽድቶ፣ ካንዴላና ፑንቲና ቀይሮ ማስነሳት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። የድሮው ሞተር እርሳስ ላለው ቤንዚን የተሠራ ስለሆነ፣ ሲፈታ የቫልቭ መቀመጫውን በጠንካራ ብረት መቀየር ይመከራል።

ባለቤቱን የሚያደክመው ላሜራው ነው። ማይነር ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ወለሉ፣ በበሮቹ ሥር ያለው ደፍና የኋላው ባሌስትራ የሚታሰርበት ብረት አንድ ላይ ተበይደው ነው የሚሸከሟት። እነዚህን ዝገት ከበላቸው መኪናዋ አጥንቷ ተበላ ማለት ነው። አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን ስለታሰሩ ፈቶ በአዲስ መቀየር ቀላል ነው፤ የሚያምር ፓራፋንጎ ሥር የበሰበሰ ወለል የሚደበቀውም ለዚህ ነው። ሻጭ በስቱኮ የሸፈነውን ትንሽ ማግኔት ያጋልጠዋል፤ ማግኔት ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ ይወድቃል።

ወለል የሚቀይር ሰው ከመቁረጡ በፊት በበሮቹ ክፍተት ላይ አግድም ብረት ይበይዳል። ይህን ካልዘለለ ጥሩ ነው፤ ከዘለለ ግን ቦዲው ይጎብጥና፣ አዲሱ ወለል ከተበየደ በኋላ በሩ አልዘጋ ይላል። ጣሪያዋ የሚታጠፈው ዓይነት ደግሞ የሚይዛት የብረት ጣሪያ ስለሌላት ይብስባታል። ትራቨለር በምትባለው ባለ እንጨት ማይነርም የኋላው አሽ እንጨት ለውበት ብቻ የተለጠፈ አይደለም፤ ቦዲውን የሚሸከም ስለሆነ ሲበሰብስ እንደ ዝገት ይቆጠራል።

ችላ የማይባል ሌላም ነገር አለ። የፊት ጎማ ከመሪው ጋር የሚዞረው እንደ ብሎን ጥርስ ባለው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ግራሶ ሲያጣ ጥርሱ ያልቃል፤ ከዚያ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ሥር ተጣጥፎ መኪናዋ በአፍንጫዋ ትደፋለች። በጊዜው በፓምፕ የተጨመረ ጥቂት ግራሶ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሬዲዮ የሚገጥምም ይጠንቀቅ፤ በጥንቱ አሠራር ከቦዲው ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው።

በብሪታንያ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠሩና ብዙ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪኖች ከ2018 ጀምሮ በየዓመቱ ከሚደረገው ምርመራ ነጻ ናቸው፤ የመንገድ ግብርም አይከፍሉም። መልካም ዜና ነው፤ ዳሩ ግን መርማሪው ሲቀር ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ የሚያይላት ባለቤቷ ብቻ ይሆናል።

ማይነር ገና ከልደቷ ተቆርጣ የተቀጠለች ናት፤ እስከ ዛሬ ያቆያትም በልክ የሚቆርጥና በልክ የሚቀጥል እጅ ነው። ልትገዟት ካሰባችሁ ኮፈኑን ለመክፈት አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያ ምንጣፉን ግለጡ።