ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፈው ማስጠንቀቂያ

ሰው ሁሉ ስልክ በያዘበት በዚህ ዘመን «ይህን ለወዳጆችህ ሁሉ ፈጥነህ አስተላልፍ» የሚል ማስጠንቀቂያ የማይደርሰው ሰው ጥቂት ነው። ላኪው ብዙውን ጊዜ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስለ ሆነ፥ ተቀባዩ የነገሩን እውነትነት በላኪው ደግነት ይለካዋል፤ ደግነት ግን ምስክር አይሆንም።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር አንድ ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ ነበር። የስልክ ሠራተኛ ነኝ የሚል ሰው ደውሎ ዘጠኝን፥ ዜሮንና መሰላልን ተጫኑ ቢላችሁ እሺ አትበሉት፤ በእናንተ ሒሳብ ይደውላልና የሚል ነው። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። ወደ ውጭ ለመደወል አስቀድሞ ዘጠኝን መጫን በሚያስፈልግባቸው አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች፥ ይህን የተጫነ ሠራተኛ ደዋዩን ወደ ውጭው መስመር ሊያሳልፈው፥ ወጪውም በመሥሪያ ቤቱ ላይ ሊቈጠር ይችል ነበር። በመኖሪያ ቤት ስልክ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም። ማስጠንቀቂያው ከሰው ወደ ሰው ሲሻገር «በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች» የምትለው ቃል በመንገድ ወደቀች፤ የእጅ ስልክ በበዛ ጊዜም ቁጥሩን የተጫነ ሰው ሲም ካርዱ ይገለበጥበታል የሚል ጭራ ተቀጠለለት። ይህ ሐሰት ነው። ሲም ካርድ የምስጢር ቁልፉን በውስጡ ዘግቶ የሚይዝ ስለ ሆነ፥ ሩቅ ያለ ደዋይ በሁለት አኃዝ ሊገለብጠው አይችልም።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያን ሁሉ ንቆ መሣቅ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ኮከብ፥ ኮከብ፥ ሃያ አንድ፥ ኮከብ ብሎ የሌላ ሰው ቁጥር አስከትሎ በመሰላል የሚዘጋ ሰው፥ ለእርሱ የሚደወለው ሁሉ ወደዚያ ቁጥር እንዲዞር ያዝዛል። አታላዩ ይህን በማር ቃል ካስደረገ በኋላ፥ ዋትስአፕ በድምፅ የሚነግረውን የስድስት አኃዝ መለያ ራሱ ሰምቶ የባለቤቱን መዝገብ ይወስዳል። ሁለቱ ወሬዎች በመልክ ወንድማማች ይመስላሉ፤ የሚለያቸው የቁጥሩ ሥራ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ብቻ ነው።

አንዳንዱ መልእክት ደግሞ ስለ ሌባ እያስጠነቀቀ ራሱ የሌባ ነው፤ «መዝገብህ እንዳይሰረቅ በዚህ ገብተህ የምስጢር ቁጥርህን አረጋግጥ» ይላል። ባንክ የደንበኛውን የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም። የተጠራጠረ ሰው በመልእክቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትቶ፥ በባንክ ካርዱ ጀርባ በታተመው ይደውል።

ዋትስአፕ እጅግ የተዘዋወረውን መልእክት በሁለት ቀስት ምልክት ያመለክታል፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮም እንዲህ ያለው በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ማኅበር ብቻ እንዲተላለፍ ወስኗል። ምልክቱ ወሬው በብዙ እጅ ማለፉን ይናገራል እንጂ፥ ከእነዚያ እጆች አንዱ እንኳ መርምሮት እንደ ነበር አይናገርም።