ቲማቲም ለደጋ ጓሮ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ገብስና ባቄላ ከማዕድ አይጠፋም፤ የሚጠፋው አትክልቱ ነው። ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። በባቄላ፣ በምስርና በሽሮ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም። በጥሬ ቲማቲም ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ሲ ግን እንዲወስደው ያግዘዋል። የደም ማነስ ለሚያሰጋት ነፍሰ ጡር እናት ከሽሮው ጎን የሚቀርበው የቲማቲም ሰላጣ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። (በልታችሁ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ ከጠጣችሁ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ አንድ ሰዓት ያህል ታገሡ።)

«ቲማቲም የቆላ ነው» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ከጀማ ሸለቆ ተነስቶ እስከ መሐል ሜዳ የሚወጣ ሰው ከ1,500 ሜትር በታች ካለው ሙቀት ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ብርድ ይደርሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን የቲማቲም አበባ ፍሬ መያዝ ይሳነዋል። ስለዚህ ቤታችሁ ከደጋው አናት ላይ ከሆነ ያለ ፕላስቲክ ሽፋን አትድከሙ፤ ቆስጣና ጎመን ይሻላችኋል። ከዚያ ዝቅ ላላችሁ ግን ዋናው ነገር ጊዜውን ማወቅ ነው።

ቲማቲም ሁለት ጠላት አለው፤ ከጥቅምት ጀምሮ የሚመጣው ውርጭና በክረምት ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያበሰብሰው በሽታ። በሁለቱ መካከል ማለፍ ያስፈልጋል። ዘሩን በጥር መጨረሻ በሣጥን ወይም በቆርቆሮ ጣሳ፣ የጣሳውን ሥር ቀዳድታችሁ፣ የላመ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሞልታችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ማታ ማታ ምድጃው ወዳለበት ቤት አስገቡት፤ ከበቀለ በኋላ ግን ቀን ቀን ፀሐይ ይፈልጋል፣ አለዚያ ቀጥኖ ይረዝማል። ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ለጥቂት ቀናት ውጭ አለማምዱትና በመጋቢት ወደ ጓሮ አዛውሩት። ፀሐይ የሚያገኘው የድንጋይ ግድግዳ ሥር ከሁሉ ይመረጣል፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ግንዱን ጠለቅ አድርጋችሁ ትከሉት፤ ከተቀበረው ግንድ ተጨማሪ ሥር ያወጣል። ድንች በነበረበት ወይም ባለበት አጠገብ አትትከሉ፣ በሽታቸው አንድ ነውና።

ውሃውን ከሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። የውዱእ ውሃ ሳሙና ስለሌለበት በባልዲ አጠራቅሞ ማጠጣት ይቻላል። ግንዱንም በባሕር ዛፍ እንጨት ደግፉት።

ዘር ስትገዙ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው መካከል መልካ ሾላን ወይም መልካ ሳልሳን ጠይቁ፤ ከራሳቸው ፍሬ ዘር ማስቀረት ይቻላል። ዲቃላ ዘር ግን በሁለተኛው ዓመት እናቱን አይመስልም። ለዘር ከጤነኛው ተክል በደንብ የቀላውን ፍሬ ምረጡ፤ ፍሬውን ጨምቃችሁ ከነጭማቂው በብርጭቆ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። የሚያንሸራትተው ልባሱ ሲለቅ እጠቡት፣ በሳህን ላይ በጥላ አድርቁት፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ጭስና እርጥበት በማያገኘው ቦታ እስከ ጥር አስቀምጡት።