እርሾ ሕይወት አለው፤ አያያዙና ሲበላሽ የሚታደስበት መንገድ

እርሾ ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን «ሊጥ ማቡኪያ ነዋ!» ብለን እናልፈዋለን፡፡ መልሱ ልክ ነው፤ ግን አይበቃም፡፡ እርሾ የቦካ ሊጥ ሲቆይ ከላዩ የሚጠልለው ቢጫማ ውሃና አብሮት የሚቀረው ጥቂት ሊጥ ሲሆን፣ በውስጡ በዓይን የማይታዩ ብዙ ተህዋስያን ይኖሩበታል፡፡ ስለዚህ እንደማንኛውም ነፍስ ያለው ነገር ይራባል፣ ይበርደዋል፣ ይዳከማል፡፡

ጉዳዩ ለተማሪ ቀላል አይደለም፡፡ ጎንደር ከተማ ቤት ተከራይተን ለምንማር የደባርቅና የዳባት ልጆች ዱቄቱ የሚላክልን ከቤት ነው፡፡ ደጋው ላይ ገብስ እንጂ ጤፍ ብዙም ስለማይበቅል ቤተሰብ ጤፉን በገንዘቡ ይገዛል፡፡ አንድ ቡኮ ተደፋ ማለት የስንት ቀን ምሳና ራት ተደፋ ማለት ነው፡፡

ውስጡ ምን አለ?

በእርሾ ውስጥ በዋናነት ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና የስት የሚባሉ ፈንገሶች ይገኛሉ፡፡ ባክቴሪያዎቹ ሊጡን ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣነቱም ብዙ ጎጂ ተህዋስያን እንዳይራቡ ያደርጋል፡፡ የስቶቹ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙ ምጣድ ላይ አረፋ ሆኖ ሲፈነዳ የእንጀራው ዓይን ይወጣል፡፡ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በእርሾ ውስጥ በብዛት የተገኘው የስት ካንዲዳ ሚለሪ የተባለው ነበር፡፡ የሚገርመው ይኸው የስት በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ኮምጣጣ ዳቦ እርሾ ውስጥም መገኘቱ ነው፡፡ በተጨማሪም መቡካት በጤፍ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል፡፡

አያያዙ

የጤፍ ዱቄት በእርሾና በውሃ ተቦክቶ ከ2 እስከ 3 ቀን ይቆያል፡፡ የጠለለው ውሃ ይቀዳና ከሱ ጥቂቱ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል፡፡ ከዚያ ትንሽ ሊጥ ተቀንሶ በፈላ ውሃ አብሲት ይጣላል፡፡ አብሲቱ ሲመለስ ሊጡን ያያይዘዋል፣ ለተህዋስያኑም ቀላል ምግብ ይሆናል፤ ሊጡም ኩፍ ይላል፡፡

ስህተቶችና መፍትሔዎቻቸው

1. ረሃብ፡፡ እርሾው ያለ ዱቄት ብዙ ከቆየ ይጎመዝዛል፣ አረፋውም ይጠፋል፡፡ ውሃውን አፍስሶ ከሥሩ ጥቂት ማስቀረት፤ አንድ እፍኝ ዱቄትና ለብ ያለ ውሃ ጨምሮ ማሳደር፤ በማግስቱም መድገም ነው፡፡ አረፋ ካሳየ ተርፏል፡፡

2. ብርድ፡፡ ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፡፡ ሐምሌ ላይ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ቡኮዋ 2 ቀን ሙሉ ዝም ቢላት ልትደፋው ስትወጣ አከራያችን እትዬ አይተው፣ «ኧረ ተይ ልጄ! የሞተ መሰለሽ? በርዶት ነው እንጂ» አሏት፡፡ በጋቢ ጠቅልለው ምድጃው አጠገብ አስቀመጡት፤ በማግስቱ ኩፍ አለ፡፡ ብርድ ተህዋስያኑን ያዘገያቸዋል እንጂ አይገድላቸውም፡፡ እዚህ ላይ እርሾ መጨመር ሊጡን ያኮመጥጠዋል፤ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው፡፡

3. ትኩስ አብሲት፡፡ ከብርድ ይልቅ የሚገድለው ሙቀት ነው፡፡ አብሲት ጣት እስኪያስነካ ድረስ መብረድ አለበት፡፡ ሳይበርድ ከተጨመረ ሊጡ ሲቀዘቅዝ አዲስ እርሾ ጨምሮ መጠበቅ ነው፡፡

4. የቡኮ ዕቃን በበረኪና ማጠብ፡፡ ዕቃው ላይ የቀረው ሊጥ ራሱ እርሾ ስለሆነ፣ በበረኪና ከታጠበ የሚቀጥለው ቡኮ ይዘገያል፡፡ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅና በጎን እርሾ ማስቀረት ይሻላል፡፡

5. ሻጋታ፡፡ ከላይ የሚታይ ስስ ነጭ ሽፋን ብዙ ጊዜ የየስት ነው፤ ይገፈፋል፡፡ ፀጉር ያለው አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ከሆነ ግን መድፋት ነው፡፡ ሻጋታ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ላዩን ገፎ መጠቀም አይገባም፡፡

ሁሉም ካልሆነስ? ዱቄት በውሃ በጥብጦ ጥቂት ቀን ቢጠብቁት ዱቄቱ ላይ ባሉት ተህዋስያን ራሱ ይቦካል፤ ግን ይዘገያል፣ ጣዕሙም አይታወቅም፡፡ ከዚያ ይልቅ ጎረቤት ሄዶ አንድ ኩባያ መዋስ ይቀላል፡፡ ስለዚህ እርሾአችሁ ደህና በሆነ ጊዜ ለሁለት ሦስት ቤት አካፍሉ፤ የናንተው ሲበላሽ የምትመልሱት ከነዚያ ቤቶች ነው፡፡