ዱካ ማንበብ የሚማሩ ተማሪዎች

ወልድያ አካባቢ፣ ግራና ላይ የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣ የውኃ ፓምፕ ሌሊት ተሰረቀ እንበል። ሲነጋ ባለቤቱ ይጮኻል፤ ጎረቤት ግር ብሎ ይመጣል፤ ፖሊስ እስኪደርስ የሌባው ዱካ በደጋጎች እግር ይጠፋል። የወንጀል ምርመራና ፎረንሲክ ቴክኖሎጂ የሚያጠና ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ይህን መከላከል ነው። ሥፍራውን በገመድ ያጥራል፤ የገባና የወጣውን ይመዘግባል፤ አንዳች ነገር ከመነሳቱ በፊት ፎቶ ያነሳል።

ይህን ሙያ ለፖሊስ ከሚያስተምሩት ቀዳሚው ሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ነው። መነሻው በ1946 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ነው።

ትምህርቱ ሕግንና ሳይንስን ያጣምራል። እርጥብ አፈር ላይ የቀረ የጫማ ዱካ ቢገኝ ተማሪው አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጦ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ከላይ ያነሳዋል። ከዚያ ጀሶ በውኃ በጥብጦ ከጎን በኩል ቀስ አድርጎ ያፈስበታል፤ ዱካው ላይ ቀጥታ ቢያፈስ ቅርጹ ይፈርሳል። ጀሶው ሲደርቅ የሶሉ ስንጥቅ ሳይቀር ተቀርጾ ይወጣል። ፓምፑ የታሰረበት ሰንሰለት ተቆርጦ ከሆነ እሱም ይመረመራል፤ የመቁረጫው ስለት ጉድለት ብረቱ ላይ ጭረት ይተዋልና።

የጣት አሻራ ሌላው ትልቅ ክፍል ነው። ለስላሳ ብረትና መስታወት ላይ ያለው በዱቄትና በለስላሳ ብሩሽ ይወጣል። ወረቀት ላይ ከሆነ ግን ኒንሃይድሪን የተባለ ኬሚካል ያስፈልጋል፤ በላብ ውስጥ ካለው አሚኖ አሲድ ጋር ሲገናኝ አሻራውን ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለውጠዋል። ባለሙያው አጠቃላይ ቅርጹን ብቻ አያይም፤ መስመሮቹ የሚቋረጡበትንና የሚከፈሉበትን ነጥብ እየለቀመ ያነጻጽራል። ደም የነካው ልብስ ደግሞ ደርቆ በወረቀት ይታሸጋል፤ በፕላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይበላሻል።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ጥፋት ሲደርስ አገር በአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር። ያየና የሰማ ሁሉ እንዲናገር ይጠየቃል፤ ፊት ለፊት ለመናገር የፈራም «ወፍ» ለተባሉ ለተመረጡ ሰዎች በምስጢር ይነግራል። ያ ሥርዓት ኅብረተሰቡ ያወቀውን ያወጣል፤ ማንም ያላየውን ግን ሊያወጣ አይችልም። ፎረንሲክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሊዮን ከተማ ውስጥ በ1910 እ.ኤ.አ. የፖሊስ ላቦራቶሪ የከፈተው ኤድሞን ሎካር፣ ሁለት ነገር ሲነካካ አንዱ በሌላው ላይ ምልክት ይተዋል በሚል ሐሳብ ይታወቃል።

ሕጉም ወደዚሁ ይገፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው እንዲያምን እንዳይገደድ ይደነግጋል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ መርማሪው ቃል ከመቀበል ባሻገር ኤግዚቢት፣ ማለትም ቁሳዊ ማስረጃ፣ መሰብሰብ አለበት። ኤግዚቢቱን ማን አነሳው፣ ማን አሸገው፣ ማን ተረከበው የሚለው በመዝገብ ካልተያያዘ ጠበቃ ችሎት ላይ በቀላሉ ይጥለዋል።

ችግሩ ርቀትና የባለሙያ እጥረት ነው። ለረጅም ዘመን አስከሬን ለምርመራ ከየክፍለ ሀገሩ ወደ አዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲላክ ኖሯል፤ ከወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ላቦራቶሪ ሩቅ በሆነበት አገር የምርመራው ዕጣ የሚወሰነው ወረዳ ላይ ባለው ፖሊስ እጅ ነው፤ እሱ ያላነሳውን ወይም ያበላሸውን ምንም መሣሪያ አይመልሰውም።

ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ድፍረት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። አለቃና ተበዳይ «ሌባው ይሄ ነው» ብለው ሲያጣድፉ፣ አሻራው ደብዝዞ ከሆነ «ለማነጻጸር አይበቃም» ብሎ ፈርሞ መስጠት የሚችል ሰው ሙያውን ተምሯል ማለት ነው።