የልጁ ሳል ከፍራሹ ሲመጣ፦ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ምን እናድርግ?

ልጁ ቀን ደህና ውሎ ሌሊት ያስላል። ጠዋት ሲነሳ ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑን ያሻል፣ አፍንጫው ይታፈናል። ብዙ ወላጆች «ብርድ መቶት ነው» ብለው ሻይ በዝንጅብል ይሰጡታል። ሳሉ ግን ሳምንታት ይቆያል። ሌሊት እንቅልፍ ያጣው ልጅ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ደግሞ «ሰነፍ ነው» ይባላል። በየቤቱ የምንዞር ነርሶች ይህን ደጋግመን እንሰማለን። እንዲህ ያለው ሳል ሁሉ ጉንፋን አይደለም፤ አንዳንዱ ከመኝታ ቤት የሚነሳ አለርጂ ነው።

ትልልቆቻችን «አገር ቤት ሳለን ይህን በሽታ አናውቀውም ነበር» ይሉናል። አነጋገራቸው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተደረገ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ አግኝቷል። የአኗኗራችን መለወጥ በጤናችን ላይ ይታያል ማለት ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

በፍራሽ፣ በትራስና በብርድ ልብስ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ነፍሳት ይኖራሉ። የመዥገርና የሸረሪት ዘመዶች ናቸው፤ ሐኪሞች በዕብራይስጥ «ቃርዲት ሀአቫቅ» ይሏቸዋል። አይነክሱም፣ ደምም አይመጡም። ምግባቸው ከሰውነታችን የሚረግፈው ቆዳ ነው። አለርጂ የሚያመጣው በተለይ ኩሳቸው ነው። ስለዚህ ንጹሕ ቤት ውስጥም ይገኛሉ፤ የቤት እመቤቷን የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የሚወዱት ሙቀትና እርጥበት ነው። በነታንያ፣ በሐዴራ፣ በአሽዶድና በአሽቀሎን በባሕሩ ምክንያት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ይመቻቸዋል። እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ሲሆን ግን ይዳከማሉ።

ያለ ብዙ ወጪ የሚሠራ

አንሶላውንና የትራስ ልብሱን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ እጠቡ። ቀዝቃዛ ውኃ ኩሳቸውን ቢያጥብም ነፍሳቱን አይገድልም። ብርድ ልብሱም የሚታጠብ ዓይነት ይሁን፤ ያ ወፍራምና ጸጉራም ብርድ ልብስ ለማጠብ ስለሚያስቸግር ዓመቱን ሙሉ አቧራ ይዞ ይቆያል።

ምንጣፉን ከልጁ ክፍል አውጡ። አልጋው ላይ የተከመሩትን አሻንጉሊቶች ቀንሱ። ልጁ ያለ እርሱ አልተኛም የሚለውን አንዱን በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ለአንድ ቀን ሙሉ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ አስቀምጡትና እጠቡት። ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በስፖንጃ ማጽዳት ይሻላል። ያን ጊዜ የታመመው ልጅ ክፍሉ ውስጥ አይሁን።

ጠዋት አልጋውን ወዲያው አትሸፍኑት፤ የሌሊቱ ላብ ይድረቅ፣ መስኮቱም ይከፈት። በክረምት እርጥብ ልብስ መኝታ ቤት ውስጥ አታስጡ። ብዙ ወላጆች ለሳሉ ብለው እንፋሎት የሚያወጣውን ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ያበሩታል። ሳሉ ከአቧራ ነፍሳት የመጣ ከሆነ ግን እንፋሎቱ እነርሱን ይቀልባቸዋል። ሐኪም ካላዘዘ ይቅር።

ግድግዳው ላይ ሻጋታ ካለ አልጋውን ከግድግዳው አርቁ። ሲጸዳ ልጁ ከቤት ይውጣ፤ በረኪናን፣ እዚህ አገር አኮኖሚካ የምንለውን፣ ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ውኃ እየገባ ከሆነ ግን መጥረግ ብቻ አይበቃም። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ፎቶም አንሱ።

ቡናችንስ? ቡናችንን አንከለክልም። የዕጣንና የከሰል ጭስ አለርጂውን ባያመጣውም የታመመን ሳንባ ይቆጣዋል። መስኮት ከፍታችሁ፣ የመኝታ ቤቱን በር ዘግታችሁ አፍሉ። ሳሎን የሚተኛ ልጅ ካለ ሰዓቱን አስቀድሙት።

መግዛት ካለባችሁ

መጀመሪያ ምርመራ ይቅደም። በቁፓት ሆሊም በኩል የቆዳ ምርመራ ይደረጋል፤ ከዚያ በፊት የአለርጂ ክኒን መቼ ማቆም እንዳለባችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ሕመሙ በጸደይ ብቻ ከመጣ ምክንያቱ የወይራ ዛፍ ብናኝ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ለፍራሽ ያወጣችሁት ገንዘብ ይባክናል።

የአቧራ ነፍሳት መሆኑ ከታወቀ ቀድሞ የሚገዛው ፍራሹንና ትራሱን ዙሪያውን የሚዘጋ፣ ዚፕ ያለው የአለርጂ መሸፈኛ ነው። ላዩን ብቻ የሚለብስ ተራ መሸፈኛ አይጠቅምም። መሸፈኛውም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከእጥበቱና አየሩን ከማድረቁ ጋር ነው የሚረዳው።

በር አንኳኩተው «የልጃችሁን ሕይወት የሚያድን» እያሉ ውድ የአቧራ መሳቢያ ወይም የአየር ማጣሪያ በብዙ ታሽሉሚም የሚሸጡ አሉ። ከፍራሹ ላይ አቧራ መጥጠው ጥቁሩን ሲያሳዩ ሰው ይደነግጣል። ነገር ግን የማንም ሰው ፍራሽ አቧራ አለው። የእነዚህ ነፍሳት ኩስ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ቶሎ ይወርዳል፤ አየር ላይ ብዙ አይቆይምና የአየር ማጣሪያው እምብዛም አያገኘውም።

ፈርማችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ቤት ድረስ መጥቶ የተሸጠን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ በሕግ ይቻላል። 65 ዓመት የሞላቸው፣ አካል ጉዳተኞችና ዖሌ ከሆኑ 5 ዓመት ያልሞላቸው እስከ 4 ወር ጊዜ አላቸው። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፣ ደረሰኙንም ያዙ።

መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ

አልጋው ስለጸዳ ብቻ ልጁ የሚስበውን መድኃኒት ራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪሙ ነው የሚቀንሰው። ሌሊት ከሳል የተነሳ የሚነቃ፣ ሲሮጥ የሚያፍን ወይም ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ ወደ ክሊኒክ ይምጣ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጁ ራሱ ስለ ራሱ እንዲያስተረጉም አታድርጉ።

ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መካከል የሚሰረጉድ፣ መናገር የሚያቅተው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ ግን ሳትቆዩ ወደ 101 ደውሉ።