ሳይቃጠል በቅጠል፦ ያገለገለ የቅንጦት ስቴሽን ዋገን ብልሽትና የጥገና ዋጋ በፊዚክስ ዓይን

የቅንጦት መኪና ሲያረጅ የራሱ ዋጋ ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ መኪና የሚጠግን ሰው፣ መኪናውን በአሮጌ ዋጋ ቢገዛውም ዕቃውን የሚገዛው በአዲስ ዋጋ ነው። በሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ፣ ሰውንም ዕቃንም አብሮ የሚይዘው ስቴሽን ዋገን ዓይን የሚስብ ቢሆንም፣ የቁጠባው ገንዘብ በአንድ ብልሽት ሊያልቅ ይችላል።

በአገራችን ጉዳዩን የሚያከብዱ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ በእጃችን ያለውን መኪና በእውቀት መያዝ ግድ ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት የታወቁ ብልሽቶችን እንመለከታለን። ሦስቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፦ ውድ ጥገና አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ርካሽ ነገርን ቸል ከማለት ነው።

1. የአየር ሞላው

ስቴሽን ዋገን አንድ ቀን ባዶውን፣ በማግስቱ ሙሉ ጭነት ይዞ ይሄዳል። የብረት ሞላ ብቻ ቢኖረው ጭነት ሲበዛ ከኋላ ይጎብጥ ነበር። ስለዚህ ከ2003 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተመረተውን ባለ 211 መለያ የመርሴዲስ ኢ-ክላስ ስቴሽን ዋገን የመሳሰሉ መኪኖች የኋላ እግራቸው በላስቲክ ከረጢት ውስጥ በታመቀ አየር ይደገፋል። ጭነት ሲጨመር ከረጢቱ ይጨመቃል፤ ይህን የሚለካው መሣሪያ ምልክት ሲሰጥ ኮምፕረሰሩ አየር ጨምሮ ከፍታውን ይመልሳል።

ላስቲክ ግን በተደጋጋሚ መታጠፍ፣ በአቧራና በዕድሜ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ አየር ሲያመልጥ ኮምፕረሰሩ የጎደለውን ለመተካት ደጋግሞ ይሠራል። ኮምፕረሰሩ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ሥራ እንጂ ለማያቋርጥ ሥራ ስላልሆነ ይግልና ይቃጠላል። ከፍታም ጫናውን ይጨምራል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የከባቢ አየር ግፊቷ 82 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ግን 101 ነው። ኮምፕረሰሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር በዚሁ መጠን ስለሚሳሳ፣ ያንኑ ከረጢት ለመሙላት የሚወስድበት ጊዜ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይረዝማል። እንግዲህ ከረጢቱ በጊዜው ቢቀየር ወጪው የከረጢት ብቻ ነው፤ ቢዘገይ ግን የከረጢትና የኮምፕረሰር ይሆናል።

2. የራዲያተሩ ክዳን

የአየር ግፊት ሲቀንስ ውሃ የሚፈላበት መጠነ ሙቀትም ይቀንሳል። በሐዋሳ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ደግሞ በመደበኛ ሥራ ላይ ከ90 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ታዲያ ለምን አይፈላም? ክዳኑ ስለሚያፍነው ነው። ክዳኑ ከከባቢ አየር በላይ 100 ኪሎፓስካል ያህል ግፊት ቢይዝ፣ በሐዋሳ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 117 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል።

የክዳኑ ላስቲክ ከደከመ ወይም ቱቦ ከተሰነጠቀ ይህ የ23 ዲግሪ መጠባበቂያ ይጠፋል። ፈሳሹ ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ውሃ ሙቀትን ተሸክሞ አይወስድም። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ ቴስታታው ከአሉሚኒየም፣ የሞተሩ አካል ከብረት የተሠራ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ ያህል ነው። መጠነ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አሉሚኒየም 1.15 ሚሊ ሜትር፣ ብረቱ ግን 0.55 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በብሎን ታስሮ የተያዘው ቴስታታ ከልክ በላይ ሲግል ይጣመማል፤ በመካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይበጠሳል። ያኔ ሞተሩ መፈታት ሊኖርበት ነው፤ የእጅ ዋጋው ብቻ ከብዙ ክዳኖች ዋጋ ይበልጣል።

3. የፍሬን ዘይት

ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ድንገት ቢቆም፣ ፍሬኑ 770 ኪሎጁል ያህል ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ይህ ሙቀት 20 ዲግሪ ላይ ያለ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ በሐዋሳ ለማፍላት ይበቃል። የፍሬን ዘይት ይህን መቋቋም አለበት፤ ነገር ግን ከአየር እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። በደረጃ 4 የሚመደበው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት በቀላሉ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ታች ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። እዚህ ላይ የቸልተኝነት ዋጋ በብር አይተመንም።

ከመግዛት በፊት

ከዚህ የሚከተሉት ፈተናዎች ከሜትርና ከትዕግሥት በስተቀር ሌላ መሣሪያ አይጠይቁም። ማታ ከኋላ ጎማ መካከል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ከፍታ ለኩ፤ መኪናው ሳይነሳ ጠዋት ደግማችሁ ለኩ። በግልጽ ከቀነሰ አየር ያመልጣል። ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ መጠን ተመልከቱ፤ ሲግል ክዳኑን መክፈት ሰውን ክፉኛ ያቃጥላል። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ፤ ሁለት ዓመት ካለፈው አስቀይሩ። ከመግዣው ገንዘብም ለጥገና የሚሆን ክፍል አስቀምጡ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለ እሳት ነበር። ለአየር ከረጢቱ፣ ለክዳኑና ለፍሬን ዘይቱም ከዚህ የተሻለ የጥገና መመሪያ አይገኝም።